ከአያት ከፍታ እስከ ሰጠመችው ዓሣ አጥማጅ መርከብ

አንባቢ ሆይ፣ የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር በምሥራቅ በኩል ጉዞውን የሚጨርሰው አያት ላይ ነው። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ታዲያ የዚህ ደጋ ኗሪ ባሕር ውስጥ ጠልቆ የሰጠመ መርከብ ልይ ያለ እንደሆነ ምን ይገጥመዋል?

የሰጠመ መርከብ ነገር ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ምጽዋን ከመልቀቃቸው በፊት ብዙ መርከቦችን በገዛ እጃቸው አስጥመው ወደቡን ዘጉት። በ1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ጠላቂዎቹን ይዞ፣ በዚያ ሐሩር፣ አንዳንዶቹን ወደ ላይ አወጣ።

ዛሬ ግን ከሐሩሩ ወጥተን ወደ ብርዱ ባሕር እንሂድ። ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች አጠገብ፣ ጄምስ ባሪ የተባለች የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጅ መርከብ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ከቋጥኝ ጋር ተጋጭታ፣ ኋላም ስትጎተት ሳለ ሰጠመች። ሠራተኞቿ ከሞት ተርፈዋል። እርሷ ግን በ40 ሜትር ያህል ጥልቀት በቀኝ ጎኗ ተጋድማለች። ውሃው በበጋ እንኳ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ጠላቂው ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ፣ የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር አዝሎ፣ የባሕሩ ወራጅ ጋብ የሚልበትን ሰዓት ጠብቆ ይወርዳል። የባሕር እንስሳት የለበሰውን ብረት በመብራት እያየ የሚቆየውም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አስፈሪው መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። በ40 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕሩ ገጽ ካለው አምስት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከአየሩ ጋር የሚተነፍሰው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቸኩሎ ቢወጣ፣ ክዳኑ ድንገት እንደ ተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይነሣል፤ መገጣጠሚያውን ያሳምመዋል፣ ሽባ ሊያደርገው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ በደቂቃ ከ10 ሜትር ሳይበልጥ፣ በየመካከሉም እየቆመ ይወጣል።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ነገሩ በባሕሩ ገጽ አያበቃም። ምጽዋ ላይ ጠልቆ የወጣ ሰው ያንኑ ቀን ወደ አሥመራ ሽቅብ ቢነዳ፣ ከኦርክኒ የወጣውም ወዲያው አውሮፕላን ቢሳፈር፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ያው አረፋ ሊነሣበት ይችላል። እንዲህ ካለው ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት በዝቅተኛ ስፍራ ማረፍ ይመከራል። አያት ያለው ቤቱ ቢናፍቀውም አንድ ቀን ይታገሥ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ መርከቢቱን ያየ ሰው ወሬዋን ለጎረቤት ለማውራት የሚበቃው ቀስ ብሎ የወጣ እንደሆነ ነው።