ራኩባ፦ የሾዋክ ዳስ

ሾዋክ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ናት። የቀትሩን ሐሩር ሸሽተን ሻይ የምንጠጣበት ዳስ በአገሩ ቋንቋ ራኩባ ይባላል። አሠራሩን ስንመረምር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ባላ ይተከላል፣ አግዳሚ ይጋደምበታል፣ ርብራቡ ላይ የማሽላ አገዳ ወይም ሣር ይለብሳል።

በሩቅ እንግሊዝ ያሉ ጥንታዊ የገጠር መጠጥ ቤቶችም በዚሁ ሕግ የቆሙ ናቸው፤ ጣራውን የሚሸከመው የእንጨቱ አጽም እንጂ በመካከሉ የተመረገው ጭቃ አይደለም። ሆኖም የእነርሱ የኦክ ምሰሶ መቶ ዓመታትን ሲሻገር፣ የራኩባን ባላ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ ሌላ መቁረጥም ግድ ይሆናል።

በዚያው በገዳሪፍ ግዛት የሚገኘው የኡም ራኩባ መጠለያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዳስ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቅና በጦርነት፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ተጠልለውበታል። ለየጎጆውና ለየምድጃው እንጨት በተቆረጠ ቁጥር ዱሩ ይርቃል፤ ርቀቱንም በጀርባዋ ሸክም የምትለካው እናት ናት።

ስለዚህ በየሰፈራችን ጎጆ የምንቀልስ የሠራዊቱ አባላትና ባለቤቶቻችን፣ ባላ በቆረጥንበት ሥፍራ ችግኝ እንትከል። የነገው ቤት ምሰሶ ዛሬ የሚጠጣው ውኃ ይሻል።