«ለልጄ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2019 መገባደጃ ላይ ታዋቂው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ሮድ ስቱዋርት በአንድ የሞዴል ባቡር መጽሔት ላይ ብቅ አለ። ዕድሜው 74 ነበር። ሎስ አንጀለስ በነበረው ቤቱ የላይኛው ፎቅ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሲሠራት የኖራት ከተማ ነበረችው። የ1940ዎቹን የአሜሪካ ከተማ በትንሹ የምታሳይ፣ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ ድልድይ፣ ጥላሸት የጠጣ ግድግዳና በመሃላቸው የሚመላለሱ ባቡሮች ያሏት ነበረች። ለኮንሰርት ወደ ሌላ አገር ሲጓዝም ከመኝታው ሌላ አንድ ተጨማሪ ክፍል ያስይዝ ነበር። ቀን እዚያ ተቀምጦ ሕንጻ ይገጣጥማል፣ ይቀባል፤ ማታ መድረክ ላይ ይወጣል።

ዜናው እንደተሰማ አንድ የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢ ዘፋኙ ይህን ሁሉ ራሱ መሥራቱን ተጠራጠረ። ስቱዋርት ይህን ሲሰማ ስልኩን አንስቶ ወደ ጣቢያው ደወለ። 90 በመቶውን በገዛ እጁ እንደሠራው፣ ያቃተው የኤሌክትሪኩ ሥራ ብቻ እንደነበር አስረዳ። ሰውየውን የቆረቆረው በዚህ ዕድሜው በባቡር ይጫወታል መባሉ ሳይሆን የእጁ ሥራ ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው።

እንዲህ ልበ ሙሉ የሆነ ትልቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። መጫወቻ መሸጫ ገብቶ ዓይኑ ያረፈባትን ትንሽ መኪና የሚያነሳ ጎልማሳ፣ ሻጩ ገና ሳይጠይቀው «ለልጄ ነው» ይላል፤ ልጅ ከሌለው ደግሞ «ለእህቴ ልጅ»። የጃፓን አኒሜ የሚከታተል የቢሮ ሠራተኛ ባልደረባው ወደ እሱ ሲመጣ ስልኩን ይደፋዋል። ቀለም መቀባት የምትወድ እናት ደብተሯን ከልጇ ደብተሮች ሥር ትሸሽጋለች። ማንም ምንም አላላቸውም። ሊባሉ የሚችሉትን ግን ቀድመው ያውቁታል፦ «የልጆች አባት ሆነህ?»፣ «ልብ ግዛ እንጂ!»፣ «ይቺ ደግሞ አታድግም እንዴ?»

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በእኛ ዘንድ ሰው ትልቅ የሚባለው ዕድሜው ስለደረሰ ብቻ አይደለም፤ ኃላፊነት መሸከም ሲጀምር ነው። ታናናሾቹን ያስተምራል፣ ወላጆቹን ይጦራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድር ይከፍላል። ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ለቤተሰቧ የምትልክ እህት፣ ዋሽንግተን ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ የሚያድር ወንድም፣ ለራሳቸው ደስታ ያወጧት ጥቂት ገንዘብ ከሰው አፍ የነጠቋት ይመስላቸዋል። ገንዘቧ የወጣችው ለመጫወቻ ከሆነማ ኀፍረቱ እጥፍ ድርብ ነው። ስለዚህ ይሉኝታው ዝም ብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ሰውን ከሰው ያስተሳሰረ ደግነት አለበት። ነገር ግን ቦታውን ስቷል።

ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጎራ ማለት ይበቃል። ፀጉሩ የሸበተ ሰው የአርሴናል ማሊያ ለብሶ ከወንበሩ እየተነሣ ይጮኻል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እራት አይበላም፤ ሰኞ ቢሮ ሲገባ ከባልደረባው ጋር ይኮራረፋል። ይህን የልጅ ነገር የሚለው የለም። ኳስን ሁሉም የጀመረው በልጅነቱ፣ በሰፈር ሜዳ፣ በካልሲ ኳስ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው፣ በተለይም ብዙ ወንድ፣ ስለሚወደው ፈቃድ አግኝቷል። ብቻውን ጥግ ይዞ ወረቀት እያጠፈ ወፍ የሚሠራው ሰው ግን ማንንም ሳይረብሽ ያፍራል። አንዱን አስከብሮ ሌላውን የሚያሳፍረው አብሮ የሚጫወተው ሰው ብዛት እንጂ የጨዋታው ዓይነት አይደለም።

አያቶቻችንም ቢሆኑ ጨዋታን ለልጅ ብቻ ትተው አያውቁም። በገና ዕለት ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሯን እያሳደዱ ሜዳውን የሚያምሱት ያደጉ ጎልማሶች ነበሩ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ ይጋፋል፤ ጌታው ቢገፋም ቢመታም አይቆጣም፤ ልማዱ ነው። ጉግስም ፈረስ የለመደ ጦረኛ የሚታይበት ጨዋታ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ጎርጎሪዮ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ዓለም ዛሬ ከሚያውቀው ቼዝ የሚለይበት ጠባይ አለው፦ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው እንደፈጠነላቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥና ስለ ገበጣ ሰፋፊ ጥናቶች ሲያሳትሙ የጻፉት ስለ ንጉሥም፣ ስለ መኳንንትም፣ ስለ ገበሬም ጨዋታ ነው።

ዛሬም ቢሆን በየሰፈሩ የግንብ ጥላ ሥር ዳማ የያዙ ሽማግሌዎች አይጠፉም። ገበታው ካርቶን ነው፤ መስመሩ በእስክሪብቶ የተሰመረ። ጠጠሮቹ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ ተንጋለዋል፣ የሌላው ተደፍተዋል። አንዱ ጥግ ደርሶ ሲነግሥ ቆርኪ በቆርኪ ላይ ይደርባል፤ ከጎን የቆመው የጥበቃ ሠራተኛ ሳይጠየቅ ምክር ይሰጣል፤ ተሸናፊው ሌላ ዙር ካልተጫወትን ብሎ ይሟገታል። እነዚያው ቆርኪዎች በልጅ እጅ ሲገቡ መጫወቻ ናቸው፤ በሽማግሌ እጅ ሲሆኑ የሚስቅባቸው የለም።

የልጅና የአዋቂ የሚባለው ድንበርም ባለበት ረግቶ አያውቅም። ፐዝል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ነው። ጆን ስፒልስበሪ የተባለ ካርታ ሠሪ ካርታ እንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ወሰን ቆራረጠው፤ ያሰበው ልጆችን ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ግን አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች እየተሻሙ ይገዙት፣ ይከራዩትም ጀመር። ተረት ደግሞ በተቃራኒው ከአዋቂ ወደ ልጅ ወርዷል። ደራሲው ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ባቀረበው ንግግር፣ ተረት የልጆች ድርሻ የሆነው በአጋጣሚ እንደሆነ ተከራክሯል፤ ትልልቆቹ የሰለቹት አሮጌ የቤት ዕቃ ወደ ልጆች ክፍል እንደሚገፋ ሁሉ ተረትም እንዲሁ ተገፋ ባይ ነው።

በዚህ ክርክር ሐዋርያው ጳውሎስን የሚጠቅስ ብዙ ነው፤ ጎልማሳ ሲሆን የልጅነትን ጠባይ መተዉን። ቃሉ ያለው ግን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 ላይ ነው፤ ምዕራፉ የሚናገረው ስለ ፍቅር ነው። ሐዋርያው የሚያነጻጽረው ዛሬ በከፊል የምናውቀውን ኋላ በሙላት ከምናውቀው ጋር ነው፤ ስለ መጫወቻ ያነሣው ነገር የለም። ክርስቲያኑ ደራሲ ሲ.ኤስ. ሉዊስም እ.ኤ.አ. በ1952 ይህንኑ ቃል አንስቶ፣ ሲጎለምስ ከተዋቸው የልጅነት ነገሮች አንዱ ልጅ መባልን መፍራት መሆኑን ጽፏል። እውነትም ትልቅ ለመምሰል ሌት ተቀን የሚጨነቀው የ15 ዓመት ጎረምሳ ነው።

አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ጥናት የዛሬው ስልክና ኢንተርኔት የቆመበትን የመረጃ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ጥሏል። ይኸው ሰው በሚሠራበት የቤል ላብራቶሪ ኮሪደር ላይ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ይነዳ፣ ኳሶችን እያከታተለ ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልብ ነበር። በ1950 የተወሳሰበ መንገድ ውስጥ ገብታ መውጫዋን የምትፈልግ፣ ያለፈችበትንም የምታስታውስ የመጫወቻ አይጥ ሠራ። አይጧ ዛሬ ማሽንን ከማስተማር የመጀመሪያ ሙከራዎች አንዷ ተብላ ትጠቀሳለች። የሠራት ሌላዋ ነገር ደግሞ አንድ ማብሪያ ብቻ ያላት ሳጥን ናት። ማብሪያዋን ሲጫኗት ክዳኗ ይከፈታል፤ ከውስጥ እጅ ይወጣል፤ ያው እጅ ማብሪያዋን መልሶ ያጠፋና ይገባል፤ ክዳኑም ይዘጋል። ሌላ ሥራ የላትም። ሻነን ምንም በማይጠቅሙ ነገሮች ላይ ብዙ ጊዜ ማሳለፉን ሳያፍር ይናገር ነበር። ለጨዋታ ጥብቅና የሚቆም ሰው ብዙውን ጊዜ አይጧን ብቻ ይጠራል፣ ሳጥኗን ይረሳል። ሰውየው ግን ሁለቱንም የሠራው ስለወደዳቸው ነው፤ ሳጥኗም ለመኖር ጥቅም ማስመዝገብ አይጠበቅባትም።

ትልቅ ሰውም መጫወት እንደሚወድ ንግዱ ከሰው ቀድሞ ተረድቶታል። ዴንማርካዊው አናጢ ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ1932 የመሠረተው የመጫወቻ ኩባንያ ሌጎ ዛሬ የታወቀበትን የፕላስቲክ ጡብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1958 ነው። ስምንት ስምንት ጉብ ያሏቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በሚበልጥ መንገድ ይገጣጠማሉ። የሌጎ ወዳጆች በጉርምስና ትተውት ኋላ ተመልሰው እስኪይዙት ያለውን ጊዜ የጨለማ ዘመን ይሉታል። ኩባንያው በ2020 ለእነዚህ ሰዎች ሳጥኑ ላይ 18+ የሚል ምልክት ማተም ጀመረ። በዓመቱ የወጣችው ታይታኒክ 9,090 ቁርጥራጮች አሏት፤ ተገጣጥማ ስታልቅ 1 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች። ያች ምልክት ጡቡን አልለወጠችውም። የለወጠችው የገዢውን ስሜት ነው፤ ብዙ ሰው ይጠብቅ የነበረው ፈቃድ በካርቶን ላይ ታትሞ መጣለት።

እኛ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምስክር ነበረን። ተስፋዬ ሳህሉ ተዋናይ፣ ሙዚቀኛና የምትሃት ትርዒት አሳይ ነበሩ። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ካሜራ ፊት እየተቀመጡ፣ ድምፃቸውን እየለዋወጡ፣ አንዴ አንበሳ አንዴ ጦጣ እየሆኑ ተረት ነገሩን። ጎልማሳ ሆነው ጀምረው ፀጉራቸው ነጭ እስኪሆን አልተዉትም። በ2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ልጅ ብቻ አልነበረም። በዚያ ሥራቸው የተነሣ ክብራቸውን ያጡ አይደሉም፤ አገር ሙሉ «አባባ» ያላቸው በዚያው ነው።

እርግጥ ነው፣ ልጅነት የሚባል ጥፋት በትልቅ ሰው ላይ አለ። የቤት ኪራይ ሳይከፍል ገንዘቡን በጨዋታ የሚያጠፋ፣ ልጁ ታሞ ከስክሪን ዓይኑን የማያነሣ፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ተወቃሽ ነው። ጥፋቱ ግን ኃላፊነቱን መጣሉ ነው፤ ያን በቢራም፣ በጫትም፣ በሥራ ሱስም ማድረግ ይቻላል። ግዴታውን ተወጥቶ ማታ ለአንድ ሰዓት ቀለም የሚቀባው ሰው ከእነዚህ ጋር አይቆጠርም።

ሸሽጋችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ ከዛሬ ጀምሮ በግልጽ ያዙት፤ ማስረጃም ይቅርታም አያስፈልገውም። በቤታችሁ ወይም በቢሮአችሁ አኒሜ የሚያይ፣ አሻንጉሊት የሚሰፋ፣ ትንንሽ መኪና የሚሰበስብ ሰው ካለ ደግሞ «አያፍርም እንዴ?» የምትለዋን ተዉለት። ምን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁት፣ እስኪጨርስም ስሙት።