አበባ ወደ ቦንጋ

ከሆለታ ወይም ከባቱ (ከቀድሞዋ ዝዋይ) የተቆረጠ ጽጌረዳ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይገባና ሌሊቱን በርሮ ሆላንድ ገበያ ይወጣል። ያው ጽጌረዳ ቦንጋ ልሂድ ቢልስ? በጅማ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ እሾሁ ብቻ ይተርፋል። እንግዲህ ለአበባችን ከከፋ ይልቅ ሆላንድ ትቀርባለች ማለት ነው።

ይህን ያሰላሰልኩት ታላቅ እህቴ ቦንጋ ላይ የበኩር ልጇን በተገላገለች ሰሞን ነው። የዶርም ጓደኞቼ «እቅፍ አበባ ላክላት እንጂ!» አሉኝ። እሷ በየሴሚስተሩ ቡናና ማር በሰው እጅ ስትልክልኝ ኖራለች። ቡናውን ሸጬ የፎቶኮፒ ከፍያለሁ፤ ማሩን ከናንተው ጋር ልሰናል። የዚህ ምላሽ በሦስተኛው ቀን የሚጠወልግ ነገር ይሁን?

ደግሞስ ከፋ መቼ አበባ አጥቶ ያውቃል? የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል፣ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው ደን ውስጥ ቡናው ነጭ ይለብሳል፤ መንደሩ በመዓዛው ይታወዳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። ቀጥፎ እቅፍ የሚያስር ግን አታገኙም፤ የተቀጠፈ የቡና አበባ የቀረ ፍሬ ነዋ! ንቡም ድርሻውን ወስዶ ዛፍ ላይ በተሰቀለው ቀፎ ማር ያደርገዋል። እህቴ ስትልክልኝ የኖረችውም አበባ ነው፤ ስሙን አበባ አላልነውም እንጂ።

ታዲያ ለአራሷ ምን ይላክ? አራስ ቤት የሚፈለገው ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሕፃኑን ተቀብሎ እናቱን የሚያሳርፍ እጅ ነው። ፈተና እንዳለቀ የምልከውም እሱን ነው።