አጎበሩ ተሰቅሏል ወይ?

አጋሮ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ። ስልኩ እየተቆራረጠ አላናግር ስላለን ነው የጻፍኩት፤ ማሙሽ ያንብብልሽ። የአባዬ ሳል ለቀቀው? እታበባስ ስንተኛ ወሯን ያዘች?

የፈራሽው ቆላ ጅማ አይደለም። ከተማዋ ከ1700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ማታ ጋቢሽ ነው ያወጣኝ። ቆላው መንገድ ላይ ነው። ከወልቂጤ አልፎ ግቤ በረሃ ሲወረድ ሹራቡን ያላወለቀ ሰው አልነበረም። መስኮት ብከፍት ከኋላዬ የነበሩ ትልቅ ሰውዬ "ዝጋው! ብርድ ልታስመታን ነው?" ብለው ጮኹብኝ። በዚያ ሙቀት! ዘጋሁትና እስከ ሶኮሩ ላቤን እየጠረግኩ ሄድኩ።

አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ወባ አያጣውም። አሁን ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን እሸት ቡና ሲያገላብጡ ይውላሉ፤ የተበላሸውን ፍሬ ሳያዩ በጣታቸው ብቻ የሚለዩት ይመስላል። ያም ሆኖ አንድ ስኒ ቡና 20 ብር ነው፣ እዚሁ በበቀለበት! አልጋ በቀን 400 ብር እየከፈልኩ ነው፤ አጎበር ግን የለውም። ያስያዝሽኝን ሰቅዬ ነው የምተኛው። ባለቤቷ ስታየኝ ትስቃለች፤ ትሳቅ።

አትደንግጪ እንጂ ባለፈው ሰሞን ትኩሳት ቢጤ ነካክቶኝ ነበር። መድኃኒት ቤት ብገባ ሰውየው ቀና ብሎም ሳያየኝ "ኅዳር ነው፣ ወባ ነው" ብሎ ክኒን ዘረገፈልኝ። "መጀመሪያ ልመርመር" ብለው "ደገኛ ሲባል ፈሪ ነው" አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ትቼው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጣቴን ወጋ አድርገው ጠብታዋን ትንሽዬ ነጭ ፕላስቲክ ላይ አኖሩ፤ ብዙም አልፈጀም። ወባ የለም፣ ጉንፋን ነው። ነርሷ ስታስረዳኝ ለካ ወባው አንድ ዓይነት አይደለም። ፋልሲፓረም የሚሉት ቶሎ ካልታከመ ይገድላል፤ ቫይቫክስ የሚሉት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። መድኃኒታቸው ይለያያል፣ ለነፍሰ ጡር የማይሰጥም አለበት። ይህን ስትል እታበባ ትዝ አለችኝና ሌላውን አልሰማሁም።

ለኔ ትሰጊያለሽ፣ የኛ ደንቢያም እኮ የወባ አገር ነው! አያቴ የምትነግረን ንዳድ፣ ያ በ1951 ግድም አገሩን ያዳረሰው፣ 150 ሺህ ያህል ሰው ጨርሷል ይባላል። ከጤና ጣቢያ የተሰጠን አጎበር አሁንም ጤፍ ተሸፍኖበታል?

ማሙሽ፣ እዚህ ላይ ላንተ ነው። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ካልክ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ገንዘብ ከተገኘ በአውሮፕላን ይሁን። ከዚያ እስከ ጅማ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ያህል በጠዋት አውቶቡስ ና፤ ማታ የሚከንፉት ሚኒባሶች ጋ ድርሽ እንዳትል። መታወቂያህን አትርሳ፣ ኬላ ይበዛል። ቦቲ ጫማ ያዝ፤ ጭቃው በበጋም አይታመንም። ውሃ ሳይፈላ ወይም ውሃ አጋር ሳይጨመርበት አትጠጣ። የራስህን አጎበር ይዘህ ና፤ የኔ ሁለት ሰው አይችልም።

እሁድ እሁድ ነው የሚከብደኝ። የጎረቤት ሴቶች በኦሮምኛ እየተሳሳቁ ቡና ያፈላሉ፤ "ና ጠጣ" ይሉኛል፣ እጠጣለሁ፣ ጨዋታው ግን ያመልጠኛል። ግድ የለም፣ እለምዳለሁ። ነቢያትን እየጾምኩ ነው፤ ሽሮው የአንቺን ባይሆንም ይበላል። ላሟ ወለደች?

እማዬ፣ ያን ጤፍ በሌላ ነገር ሸፍኑትና አጎበሩን ለእታበባ ዛሬውኑ ስቀሉላት። ትኩሳት ቢነካት ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ እያሻችሁ አትቆዩ። ያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሯትና ማታውኑ ደውሉልኝ፤ ኔትወርክ ከሌለ ደጋግማችሁ ሞክሩ።