ስሙኒ ያልነበረው ተጫዋች

ጌም የለመድኩት በዓይኔ ነው። ጆይስቲክ ከመንካቴ በፊት የሱፐር ማሪዮን የመጀመሪያ ደረጃ ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀው ነበር፤ የቱ ጡብ ውስጥ ሳንቲም እንዳለ፣ የቱ ቱቦ ወደ ምድር ቤት እንደሚያወርድ፣ እንጉዳዩ ከየት ብቅ እንደሚል። ስሙኒ ስላልነበረኝ ነው እንጂ ትዕግሥት ኖሮኝ አይደለም።

ዘመኑ የ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሰፈሩ ሽሮ ሜዳ። ወደ እንጦጦ በሚወጣው አስፋልት ዳርና ዳር ከተደረደሩት የሐበሻ ልብስ ሱቆች ጀርባ፣ በቆርቆሮ በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ነበር። ውስጡ አንድ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ማሽኑ፤ ሌላ ዕቃ የለም። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት የከፈሉት ናቸው፤ ያልከፈልነው ከኋላቸው እንቆማለን። ሂሳቡ በነፍስ ነው፤ ሦስት ነፍስ በስሙኒ። ማሪዮ ጉድጓድ ገብቶም ይሁን ኤሊ ነክቶት ሦስቴ ከሞተ፣ መነሣት ነው። ጎበዝ ልጅ ግን በአንዲት ስሙኒ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጦ ሊውል ይችላል። ባለቤቱ ጎበዝ ልጅ አይወድም ነበር።

«አንተ ዛሬም መጣህ?»

«ጋሼ፣ ከፍያለሁ እኮ!»

ለቆምነው ደግሞ የራሳችን ሕግ ነበረን፤ መምከር ክልክል ነው። «ዝለል!» ብሎ የጮኸ ይባረራል። ስለዚህ ዝም ብለን እናያለን። የሚጫወተው ልጅ ዓይኑ ቀጣዩ ጉድጓድ ላይ ስለሆነ ቀና ብሎ ሰማዩን አያይም። ሰማዩ የእኛ የቋሚዎቹ ነበር።

ከዚያ አክስቴ ከጅዳ መጣች። ከዓረብ አገር የሚመጣ ሻንጣ ምን እንደሚይዝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቴርሞስ። የእሷ ሻንጣ ግን ከብርድ ልብሱ እጥፋት መሀል ቀይና ነጭ ማሽን ወጣበት፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ሽጉጥና አንድ ቢጫ ካሴት ጭምር። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣውን ፋሚኮም አስመስሎ የተሠራ ቅጂ መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ካሴቱ ላይ 9999999 ጌም እንዳለው ተጽፎበታል። ዝርዝሩን ወደ ታች ስንገፋ ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ዳክዬ አደን፣ ታንክ፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ እነዚያው በሌላ ስም፤ አሁንም ወረድ ሲሉ እነዚያው። አንዱ ማሪዮ ከሦስተኛው ዓለም ስለሚጀምር ብቻ ሌላ ጌም ተብሎ ተቆጥሯል። እንዲያም ሆኖ የተታለለ ሰው ስሜት የተሰማው ከመካከላችን አልነበረም።

የቤታችን ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በሥራ ቀን ሥርጭቱን የሚጀምረው አመሻሹ ላይ ስለነበር ቀን ቀን ሥራ ፈት ነው፤ ችግሩ አባቴ ነበር። ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል የሚል ወሬ ሰምቷል። ስለዚህ በየመሀሉ ከተቀመጠበት እየተነሣ የሳጥኑን ጀርባ በመዳፉ ይዳብሳል። ሞቆ ካገኘው ጨዋታው አበቃ።

«አባዬ፣ አንድ ነፍስ ብቻ ቀረችኝ!»

«እሷን ነገ ትጨርሳታለህ» ይልና ሶኬቱን ይነቅለዋል።

ያ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ግን ባለውለታዬ ነው። ቀለም ስለሌለ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ታላቅ ወንድሜ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሆኑብኝ። ያው ሦስት ጉብታ፣ ያው ጠርዝ። ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ደመናን ከቁጥቋጦ ምን አገናኘው? ጌም ቤት ሄጄ በባለ ቀለሙ ባየው፣ አንዱ ነጭ ሌላው አረንጓዴ ነው፤ እዚያም ሳቁብኝ። እውነቱ ግን እኔ ጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ጠቅላላ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው፤ 32ቱ ለፕሮግራሙና ለድምፁ፣ 8ቱ ለሥዕሉ። ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ሺገሩ ሚያሞቶና ባልደረቦቹ ቦታ ስለጠበባቸው አንዱን ሥዕል ላይ ነጭ፣ ታች አረንጓዴ ቀብተው ሁለት አደረጉት። ወንድሜ ዛሬ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጌ ብልክለት «እና ምን ይሁን?» ብሎ መለሰልኝ።

ሽጉጡም የራሱ ጉድ ነበረው። ዳክዬዋ ላይ አነጣጥሮ የሚተኩሰው ልጅ አያስተውልም፤ ከጎን ለሚያይ ግን በተኮሰ ቁጥር መስኮቱ ለቅጽበት ይጨልማል፣ ዳክዬዋ በነበረችበትም ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። እኛ ሽጉጡ ጨረር የሚረጭ መስሎን ከፊቱ ዘወር እንል ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሽጉጡ ተቀባይ ነው። አፈሙዙ ውስጥ ብርሃን የሚለይ ዓይን አለ፤ ከጨለማው ቀጥሎ ነጩን ካየ መትተሃል፣ ካላየ ስተሃል። ዳክዬዎቹ ሁለት ሲሆኑ ነጩ ሳጥን በየተራ ይበራላቸዋል፤ ማሽኑም የትኛዋ እንደተመታች የሚለየው በዚያ ነው። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ብልጭታዋን ብቻ ነው፤ ምክንያቷን ስፈልግ ግን ብዙ ነገር አነበብኩ።

ወደ ጌም ቤቱ ልመለስ፤ የኮንትራ ነገር አለና። ኮንትራ በሦስት ነፍስ የሚጀመር ክፉ ጌም ነው። አንድ ትልቅ ልጅ ግን በ30 ነፍስ ይጀምራል። ምሥጢሩን ለማንም አይናገርም፤ ጌሙ ከመጀመሩ በፊት ጃኬቱን እጁ ላይ ጣል ያደርግና ከሥሩ ይነካካል። ከኋላ የቆምነው አንዳችን ክርኑን፣ አንዳችን የአዝራሩን ድምፅ ተከፋፍለን ተከታተልነው። ላይ ላይ፣ ታች ታች፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ። ወሬው በተዛመተ ሰሞን ባለቤቱ ኮንትራን ከነፍስ ወደ ደቂቃ ሂሳብ አዛወረው፤ ሌላ ምን ያድርግ? የዚህ ኮድ አባት የኮናሚው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ ነው። ግራዲየስ የተባለውን ሌላ ጌም እ.ኤ.አ. በ1986 ለወጣው የቤት ማሽን ቅጂ ሲያዘጋጅ፣ ጌሙ ለራሱም ስለከበደው መሞከሪያ እንዲሆነው ያስገባት አቋራጭ ናት። የሠራው ሰው ራሱ ያቃተው ጌም መሆኑን ሳውቅ ሽሮ ሜዳ ላይ ለሞትነው ሁሉ ካሳ የተከፈለን መሰለኝ።

ለእኔ ሁሉን የለወጠው ግን ማንም የማይፈልገው ታንክ ነው፤ የናምኮው ባትል ሲቲ። መግቢያው ላይ ከአንድና ከሁለት ተጫዋች ሥር ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ እሱን የነካ ልጅ ባዶ ጥቁር ሜዳ ይሰጠዋል። በጆይስቲኩ ጡብ፣ ብረት፣ ውኃና ዛፍ እየመረጥክ የራስህን ጦር ሜዳ ትሠራለህ። ሜዳው ወደ ጎን 13፣ ወደ ታች 13 ሳጥን ነው። ልጆቹ «ይሄ ጌም አይደለም» ብለው አለፉት። እኔ ግቢያችንን ሠራሁበት። የጭቃ ቤቱን በጡብ፣ የቧንቧውን ቦታ በውኃ፣ የጎረቤትን አጥር በብረት፤ ጎረቤቶቻችን ክፉዎች ስለነበሩ ታንክ እንዳይበሳው ብዬ ነው።

ማሽኑ ግን የሠራኸውን አያስቀምጥም። መብራት ሲሄድ ሜዳውም ይሄዳል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ መብራት መሄድ ብርቅ አልነበረም። ስለዚህ የሒሳብ ደብተሬን ካሬዎች 13 በ13 እያሰመርኩ ካርታዎቼን ገለበጥኩ፤ ለጡብ ጭረት፣ ለብረት መስቀል፣ ለውኃ ሞገድ። መብራት ሲመጣ ከደብተሩ መልሼ እገነባለሁ። እናቴ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «ሒሳብ» እላታለሁ። ብዙም አልዋሸሁም።

የትርፍ ጊዜ ሥራዬ ከዚያ ደብተር ነው የተነሣው። ዛሬ ማታ ማታ ለዚያው ለአሮጌ ማሽን ጌም እጽፋለሁ፤ በየአገሩ ይህ ልክፍት ያለበት ሰው አለ። ማሽኑ ለሥራ የሚሰጥህ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ነው፤ እሷን ማብቃቃት የወር ደመወዝ ከማብቃቃት ይከብዳል፣ ደስታውም እዚያው ነው። አሁን የያዝኩት ጌም ባሕር ዛፍ የተጫኑ አህዮችን ከእንጦጦ አውርዶ ሽሮ ሜዳ ማድረስ ነው። የዚህ ማሽን አመል በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት ተንቀሳቃሽ ሥዕል በላይ አለማሳየት ነው፤ ዘጠነኛው ይሰወራል። በየተራ ላሳይ ካልክ ደግሞ ሁሉም መርገብገብ ይጀምራሉ። አንዲት አህያ ከነጭነቷ ጎን ለጎን ሁለት ሥዕል ትወስዳለች። መጀመሪያ አራት አህዮች ነበሩኝ፤ ነጂውም ሁለት እንደሚወስድ ሳሰላ ወደ ሦስት ቀነስኳቸው።