ቀሪውን ማን ይተርጉምልኝ?

መስከረም በገባ ቁጥር መሥሪያ ቤታችን ለደንበኞቹ የሚልከውን የኢሬቻ የመልካም ምኞት መልእክት የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና። አማርኛውን እጽፋለሁ፣ ኦሮምኛውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይተረጉምልኛል። የአባቴን ስም አይታችሁ «አንቺ ራስሽ አትጽፊውም እንዴ?» ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ብዙ ሰው ብሎኛል።

አባቴ የሱሉልታ ልጅ ነው። ለትምህርት አዲስ አበባ ገብቶ፣ እዚያው አግብቶ፣ እኛን በአማርኛ አሳደገን። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፤ እሱም ማታ ደክሞት ነበር የሚገባው። አያቴን ልንጠይቅ ስንመጣ እጄን ይዛ ረጅም ወሬ ታወራኛለች፣ እኔ ፈገግ እላለሁ፣ አባቴ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን ይተረጉምልኛል። አያቴ ካረፈች አምስት ዓመት ሆናት። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደነበሩ ዛሬም አላውቅም።

የከተማው የቤት ኪራይ ሲያንገሸግሸን ከባለቤቴ ጋር እንጦጦን ተሻግረን ሱሉልታ ገባን። (ብርዱን ማንም አልነገረንም!) ልጃችን እዚሁ ትምህርት ቤት ገባች፤ ኦሮምኛ ትማራለች።

ኢሬቻ በአዲስ አበባ ዳግም መከበር የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን በቴሌቪዥን ነበር ያየሁት። ባለፈው መስከረም ግን አክስቴ «ልጅቷን ይዘሽ ተነሺ» አለችኝ። ቅዳሜ በሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ ነው የሚከበረው፤ ለልጅ የቅዳሜው ይቀላል ብለን ገና ሳይነጋ ወጣን። መንገድ ስለሚዘጋ በእግር ብዙ ትሄዳላችሁ፣ ምቹ ጫማ አድርጉ።

አክስቴ እርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዛለች፤ በሌላ እጇ ሲንቄዋን። ሲንቄ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ጠብ መሃል ከቆሙ ጠቡ ይበርዳል። እኔ ስዳር የተሰጠኝ የቡና ስኒ ነው። ይህን ያሰብኩት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ ነጭ በለበሱ፣ ጨሌ ባጠለቁ ሴቶች ሞልቶ ሳየው ነው። በዓሉ ከክረምቱ ጨለማ ወደ ብራ ላሻገረ ፈጣሪ ምስጋና የሚቀርብበት ነው፤ በበጋው ደግሞ ዝናብ የሚለመንበት፣ በተራራ ላይ የሚከበር ሌላ ኢሬቻ አለ። ሁለተኛውን ያወቅኩት ያን ቀን ነው፣ ስንት ዓመት መልእክት ስጽፍ ከርሜ።

አባ ገዳዎቹ መርቀው ሣራችንን ውኃው ውስጥ ነክረን ስንመለስ፣ አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝ። እንደ አያቴ፣ በሁለት እጃቸው። አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ኤኙ» የምትለውን ቃል ብቻ ለየኋት፤ «ማን» ማለት ናት። የለመድኳትን ፈገግታ ፈገግ አልኩ። አክስቴ ሰው መሃል ጠፍታለች።

ልጄ ቀሚሴን ለቃ ወደ ፊት ወጣች። የአባቴን ስም ተናገረች፣ «ሱሉልታ» አለች፣ ሌላም ነገር ጨመረች። ሴትየዋ ሳቁ፤ ከዚያ ልጄ ግንባር ላይ እርጥቡን ሣር እያስነኩ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉሽ?» አልኳት፣ ሲሄዱ።

«እደጊ አሉኝ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ብዙ ነው፣ እማዬ» አለችና ጭኮ ወደሚሸጡት ሴቶች ጎተተችኝ።