የልጅቷ ፊትና የእኛ ፍርሃት

እንግሊዛዊቷ ፓሜላ ፍራንክሊን «ዘ ኢኖሰንትስ» የተሰኘው አስፈሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1961 ለዕይታ ሲበቃ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ካደገች በኋላም በ1973 «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ሄል ሀውስ»ን ሠርታ፣ በ1980ዎቹ መባቻ ትወናውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። የእኛዎቹ የሕፃናት ገጸ ባሕርያት የሚፈሩት ግን መንፈስን አይደለም፤ ከትምህርት ቤት መልስ መንገድ ላይ የሚጠብቃቸውን ፈረሰኛ ነው።

«ድፍረት»ን (2014) ባቲ ውስጥ ከእኅቴ ልጅ ጋር በስልክ አየነው። የጠለፋው ትዕይንት ሲያልፍ «አጎቴ፣ የምትሠራዋ ልጅ ራሷ አልፈራችም?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ሒሩትን የተጫወተችው ትዝታ ሀገሬ ናት (ስሟ እንደ ከተማዬ ስም የቅኝት ስም መሆኑ ደስ ይለኛል)። ያ ፊት ባይኖር ፊልሙ ደረቅ የፍርድ ቤት ክርክር ሆኖ በቀረ ነበር።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ሕግ ልጅን ለማስተወን ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅን ግዴታ አድርገዋል። በእኛ አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ላሉት ደግሞ የቀን ሥራን በ7 ሰዓት ይወስናል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የደረሰው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ዋና ባለታሪኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ይሠራ፣ እሰየው! ግን የልጁን የቀረጻ ሰዓት የሚቆጥረው፣ ሲያለቅስ «ይበቃል» የሚለው ማነው?

ሌላም ልጅ አለች። ፊልሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1996 በ14 ዓመቷ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ፣ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብላ በነፃ በተለቀቀችው በአበራሽ በቀለ ታሪክ ላይ ነው። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊመረቅ ሲል በእርሷ አቤቱታ በፍርድ ቤት ታገደ፤ እገዳው የተነሣው ኋላ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ስለ ኪነ ጥበብ ነፃነት ጮኽን። ሰንዳንስና በርሊን የተመልካች ሽልማት ሰጥተውት ነበርና፣ የአገር ስም ጠፋ ያሉም አልታጡም። ባለታሪኳን አስቀድሞ የጠየቃት ማነው ያለው ግን ጥቂት ሰው ነበር።